እሱን መስታወት እንዳትነካው!

አሮጌ መኪና ውስጥ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ገና ቂጡ ሳያርፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። «ወንድሜ በናትህ የዛን በር መስታወት እንዳትነካው»። ቁጣ የለበትም፣ እንደውም ልመና ነገር ነው። ሰው ደግሞ እንዳትነካ ሲባል ጣቱ መላ አያጣም፣ ትንሽ እንደሄዱ ሞቀኝ ብሎ በተኑን ጠቅ ያደርጋል። ከበሩ ሆድ ውስጥ «ጠጠጠጠጥ!» ይላል፣ መስታወቱ በአንድ ጎኑ ብቻ ሸርተት ብሎ ሰያፍ ሆኖ ቁጭ። በቃ ጨዋታው አለቀ፣ ሾፌሩም አይናገር ተሳፋሪውም አይናገር፣ ነፋሱ ብቻ በክፍተቱ እያፏጨ ይገባል።

እንደቆሙ ምርመራው ይጀመራል። መኪና ሲታመም ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም መቼም። አንዱ ጠጋ ብሎ «ባትሪው ነው» ይላል፣ ይሄ ሰውዬ ጎማ ቢተነፍስም ባትሪው ነው የሚል ሰው ነው፣ አትፍረዱበት፣ የሆነ ዘመን ላይ አንዴ ልክ ሆኖለታል። ሌላው ራቅ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያትና «ይቺ መኪና ተጋጭታ ታውቃለች እንዴ?» ይላል፣ ልጁን ከመዳሩ በፊት የሙሽራውን ታሪክ የሚያጣራ አባት ነው የሚመስለው። ሦስተኛው ምንም አይልም፣ በሩን ከፍቶ በሙሉ ኃይሉ ድው! አድርጎ ይዘጋዋል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ከመያዣው የተላቀቀ መስታወት በር በተወረወረ ቁጥር ይንገጫገጫል፣ የበር መስታወት ደግሞ አብዛኛው የተጠናከረ ስለሆነ ሲሰበር ተሰነጠቀ ምናምን የለም፣ ሙሉውን ጠጠር ሆኖ ነው ጭናችሁ ላይ የሚፈሰው።

መስታወቱን ግን ማንም ዝም ብሎ አያየውም እኮ! ቢያዩት ራሱ ነው የሚናገረው። የቱ ጥግ ነው የወረደው? የፊተኛው ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ የላላው ወይ የተሰበረው በዛ በኩል ያለው መያዣ ነው። መስታወቱ የሚቆመው በሩ ውስጥ ባለ ማንሻ ላይ ነው፣ ብዙ መኪና ላይ ከማንሻው ጋር የሚያያይዘው የፕላስቲክ ክሊፕ ነው፣ እሱ ደግሞ ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቅበት ኖሮ ይደርቅና አንድ ቀን ቀጭ ይላል። ጆሮም ይሰራል። ሞተሩ እየጮኸ መስታወቱ ንቅንቅ ካላለ መብራቱ ደርሷል ማለት ነው፣ ስለዚህ የባትሪው ጌታ ይቀመጡልን፣ ነገሩ ያለው ማንሻው ወይ መስታወቱን የሚጎትተው ሽቦ ወይ ክሊፑ ጋር ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ያኔ ፊውዝና በተን ይታያል። ከዛም በፊት ግን ሾፌሩ ጋር ያለችውን የኋላ መስታወት መቆለፊያ እዩልኝ፣ እሷ ተጭና እያለ ስንት በር በከንቱ ተፈቷል።

ቀጥሎ ግማሽ ድረስ አውርዶ በሁለት መዳፍ ከውስጥና ከውጭ ጨብጦ ቀስ ብሎ ወደ ላይ መሳብ ነው። ትንሽ መወዛወዝ ያለ ነው፣ ዝም ብሎ ከተነሳላችሁ ግን ከማንሻው ጋር ተፋተዋል። ደግሞ አንዳንዴ መስታወቱ ንፁህ ነው፣ ከበሩ ፍሬም ጋር ልክክ ብሎ በሩ ራሱ ነው ከመኪናው ጋር የማይገጥመው፣ በሩን ከፍታችሁ ጫፉን ወደ ላይ ስታነሱት ከተንቀጫቀጨ ያረጀው ማጠፊያው ነው። ነፋሱ የት ጋር እንደሚገባ ለማወቅ ብጣሽ ወረቀት በመስታወቱና በዙሪያው ባለው ማሸጊያ ጎማ መሀል አስገብቶ ዘግቶ መጎተት ነው፣ ያለ ምንም ትግል ሹልክ ካለ ቀዳዳው እዛ ነው።

ይሄ ሁሉ ለኛ ሰው አይጥመውም፣ ለኛ ሰው ፕላስተር አለለት። የታጠፈ ካርቶን አለለት። ካቻቢቴ የጨበጠው ጀግና ደግሞ የበሩን ሽፋን ገንጥሎ ከጀርባው የተለጠፈችውን ላስቲክ «ይቺ ደሞ ምን ትሰራለች» ብሎ ይጥላታል፣ ዝናብ ሲመጣ ምንጣፉ ሲረጥብ ያውቃታል። ውሃ እኮ በር ውስጥ መግባቱ አይቀርም፣ ከስር ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል ተብሎ ነው የተሰራው፣ እነሱንም በሲሊኮን የደፈነ አለ፣ «ውሃ እንዳይገባ» ብሎ! በሩን ስትዘጉት ጀሪካን ይመስል ጉልብጭልብጭ ይላል።

ታዲያ ለምን አይሰራም ካላችሁ፣ ከተለመደ በኋላ ጥቅም ስላለው ነው። ቤተሰቡ ውስጥ ማን እንደተናቀ የሚታወቀው በዛ በር በኩል ማን እንደተቀመጠ ታይቶ ነው። ብድር የሚጠይቅ ዘመድ እዛ ነው የሚቀመጠው፣ ነፋሱ እየገረፈው ሀሳቡን ይጨርስ።

ችግር የሚመጣው መኪናዋ ስትሸጥ ነው። «ምንም የላትም፣ ግቡና ንዱ» ይባላል። ገዢው ሊሞክራት ሲገባ ወንድሙን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ወንድምየው ከኋላ ሊገባ እጀታውን ሲይዝ ሻጩ ሮጦ ይቀድመዋል፣ «አንተ ከፊት ሁን፣ እንግዳ አይደለህ እንዴ!» ብሎ ራሱ ዘው ይላል፣ ክርኑን በተኑ ላይ ደገፍ አድርጎ «ንዳት፣ ንዳት፣ እኔ እዚህ ጋር ይመቸኛል»።