አንቀጽ 14 እና የጥር ዝናብ

ዕድራችን ከተመሠረተ ጀምሮ የአየር ንብረት ለውጥ በአጀንዳነት ተይዞለት አያውቅም ነበር። ዘንድሮ የተያዘለት በድንኳን ምክንያት ነው። በጥር አጋማሽ ለአንድ አባላችን ለቅሶ የተተከለው ትልቁ ድንኳን፣ በሁለተኛው ሌሊት ማንም ያላሰበው ዝናብ ወርዶበት፣ መሐሉ ላይ ውኃ አቁሮ እንደ ነፍሰ ጡር ሲያብጥ ካመሸ በኋላ፣ ሊነጋ ሲል ተተርትሮ፣ ካርታ እየተጫወቱ ያደሩትን አስተዛዛኞች ከነካርታቸው አጠባቸው። ሐዘንተኞቹም ለአፍታ ልቅሷቸውን ረስተው ፈገግ ሲሉ ያየ አለ። ድንኳን ሰፊው ለጥገናው 22 ሺሕ ብር ጠየቀ፤ እኛም ስብሰባ ጠራን።

የመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ 14፣ የዕድሩ ንብረት «በተፈጥሮ አደጋ» የተበላሸ እንደ ሆነ ወጪውን የዕድሩ ካዝና፣ «በሰው ጥፋት» የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ጥፋተኛው እንዲሸፍን ያዛል። ደንቡን ያረቀቁት አባቶች ተፈጥሮና ሰው ተለያይተው የሚኖሩ፣ አንዱ በሌላው ግቢ የማይገባ ጎረቤቶች መስለዋቸው ነበር። እኔ ጸሐፊ ስለሆንሁ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «የጉዳቱ ምክንያት» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት አንድ መስመር ክፍት ትቼ መጠበቅ ጀመርሁ።

ድንኳኑ በእሳቸው ቸልተኝነት ተበላሸ ተብለው የተከሰሱት ንብረት ያዣችን አልተደናገጡም። ደንቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ድንኳኑን ላስቲክ እንዲያለብሱና ዙሪያውን ቦይ እንዲያስቆፍሩ እንደሚያዝዛቸው፣ ስለ ጥር ግን አንድም ቃል እንደሌለው ካስረዱ በኋላ፣ «ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» የሚለውን የአባቶች ቃል በምስክርነት አቀረቡ። ቡሄ ካለ አምስት ወር አልፏል፤ ዶሮውም ጮኋል፤ ስለዚህ ዝናቡ ሕገ ወጥ ነው። ጥፋተኛው እሳቸው ሳይሆኑ በሬዲዮ ዘወትር የሚነገርለት የአየር ንብረት ለውጥ ነው፤ እሱ ደግሞ የተፈጥሮ አደጋ ስለሆነ ካዝናው ይክፈል አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ሰብሳቢያችን ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሱ ሰው በመሆናቸው፣ ነገር በጅምላ አይቀበሉም። «ለውጡስ ራሱ የተፈጥሮ ነው ወይስ የሰው?» ብለው ጠየቁ። ዓለም ለብዙ ዓመታት የተናቆረበት ጥያቄ እንዲህ ሆኖ ነው በአግዳሚ ወንበርና በሻይ ብርጭቆ መካከል የተዘረጋው።

በመጀመሪያ ለተፈጥሮ የቆሙት ባለ ሚኒባሱ ነበሩ። ሚኒባሳቸው ዳገት ሲወጣ ከኋላው ያለው ሰፈር ለጥቂት ደቂቃ ከከተማው ካርታ ላይ የሚሰረዝ በመሆኑ፣ ለተፈጥሮ የሚከራከሩበት የግል ምክንያት እንዳላቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ ደግነቱ ማንም አላነሣባቸውም። ባለፈው ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ምድር የፈነዳውን የሃይሊ ጉቢን እሳተ ገሞራ አስታወሱን። ዐመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን በኩል አልፎ፣ ሕንድ ድረስ በመዝለቁ አውሮፕላኖች ከበረራ ቀርተዋል። «ከዚህ ሁሉ ጭስ ጎን የእኔ መኪና ጭስ ምን ቁም ነገር አለው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ቤቱ በጉምጉምታ ደገፋቸው።

በዚህ ጊዜ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር እጃቸውን አወጡ። እኚህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማይሰሙ ተማሪዎች ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ሰው ስለ ከባቢ አየር እስኪጠይቃቸው ድረስ በየለቅሶው በትዕግሥት የተቀመጡ ናቸው። የምድር እሳተ ገሞራዎች ሁሉ ተደምረው በዓመት የሚያወጡት ሙቀት አፋኙ ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የሰው ልጅ ከሚያወጣው ከመቶ አንድ እጅ እንደማይሞላ አስረዱ። እንዲያውም ኃይለኛ እሳተ ገሞራ ምድርን ለጊዜው ያቀዘቅዛታል፤ በፊሊፒንስ ያለው ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1991 ሲፈነዳ ወደ ላይ የረጨው የድኝ ጉም የፀሐይን ብርሃን እየመለሰ፣ የዓለምን ሙቀት ለአንድ ሁለት ዓመት በግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጎት ነበር። ባለ ሚኒባሱ ይህን ሲሰሙ፣ እንግዲያው የጭስ ጥቅም በመምህሩ አንደበት መመስከሩ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ አሉ። አልያዝሁላቸውም።

ቀጥሎ ተራው የፀሐይ ሆነ። አንድ አዛውንት፣ ፀሐይዋ በልጅነታቸው ከሚያውቋት ይልቅ እንደ ከረረች፣ ይህም የፈጣሪ ሥራ እንጂ የማንም እንዳልሆነ ተናገሩ። መምህሩ ፀሐይን በሳተላይት መለካት ከተጀመረ ከ40 ዓመት በላይ እንደ ሆነ፣ ግለቷ በ11 ዓመት ዑደቷ ትንሽ ከፍና ዝቅ ከማለት በቀር በነዚህ ዓመታት ጭማሪ እንዳላሳየ፣ ምድር ግን በዚያው ጊዜ መሞቋን እንደ ቀጠለች ገለጡ። አዛውንቱ ፊታቸውን ሲያዞሩባቸው ግን ከሳተላይት ወርደው ወደ ጋቢ መጡ። «አባቴ፣ ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ላዩም ታቹም በሞቀ ነበር። አሁን የሆነው ግን ታችኛው አየር ሲሞቅ ከላይ ያለው መቀዝቀዙ ነው። ጋቢ የደረቡ ሰው ውስጡ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ስለታፈነ ከጋቢው በላይ ያለው አየር አይሞቅም። ከባቢ አየሩ ጋቢ ደርቧል።» አዛውንቱ ጋቢያቸውን ዳሰስ አድርገው ዝም አሉ። ከማስረጃዎቹ ሁሉ ያለ ተቃውሞ ያለፈው ይህ ብቻ ነበር፤ ንብረት ያዣችን ግን ጋቢውን ማን እንደ ደረበላት ካልተረጋገጠ ተፈጥሮ ራሷ ደርባው ሊሆን ይችላል ብለው አንዲት ቀዳዳ ከፈቱ።

ቀዳዳዋን ለመድፈን መምህሩ የመረጡት ምሳሌ ጠላ በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የነበሩት እንጀራና ጠላ እየሸጡ የሚተዳደሩት እትዬ ተነቃቁ። መምህሩ እንዳሉት፣ ሕይወት ካለው ነገር የሚወጣ ካርቦን ካርቦን 14 የሚባል ምልክት አለበት፤ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው ግን ለሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮ ስለ ኖረ ምልክቱ ጠፍቶበታል። ይህ ምልክት የለሽ ካርቦን በገባ ቁጥር በአየሩ ውስጥ ያለው ምልክት ይቀጥናል። «ውኃ እንደ ተጨመረበት ጠላ ማለትዎ ነው፤ እኔ በአንድ ጉንጭ አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ። መጠኑስ ምን ያህል ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ከፋብሪካ ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ካለ ሚሊዮን እጅ 280 ያህሉ ብቻ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ነበረ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በሃዋይ በማውና ሎአ ተራራ ላይ ሲለካ ከ315 ተነሥቶ ዛሬ ከ420 እንዳለፈ ተነገራቸው። እትዬ ጥቂት አስበው፣ ይህን ያህል የቀጠነ ጠላ እሳቸው ቢያቀርቡ ሰፈር እንደማይበቃቸው መሰከሩ።

የገንዘብ ያዣችን ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ በዚህ መሐል ኤልኒኖን አነሣ። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 አገራችንን የመታው ብርቱ ድርቅ ከኤልኒኖ ጋር የተያያዘ እንደ ነበረ፣ ኤልኒኖም የፓስፊክ ውቅያኖስ የተፈጥሮ ጠባይ እንደ ሆነ ሲናገር፣ ንብረት ያዣችን ፊታቸው በራ። ሰብሳቢው ኤልኒኖ የተባለው ግለሰብ ማን እንደ ሆነ እንዲብራራላቸው ጠየቁ። ልጁም በስፓኝ ቋንቋ «ሕፃኑ» ማለት እንደ ሆነ፣ የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ባሕሩ ለገና ሰሞን ስለሚሞቅ በሕፃኑ ኢየሱስ ስም እንደ ጠሩት አስረዳ። «ሕፃን ከሆነማ ቅጣት አይጣልበትም» ብለው ሰብሳቢው ዘጉት። መምህሩ ኤልኒኖ በየጥቂት ዓመቱ እየመጣ ያለውን ሙቀት ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል እንጂ ከዓመት ዓመት እየከመረ አይሄድም ለማለት ሞክረው ነበር፤ የሰማቸው ግን የለም።

መምህሩ የተቆጡት ባለ ሚኒባሱ «ምድር ድሮም ስትለዋወጥ የኖረች ናት» ሲሉ ነው። የተቆጡትም አባባሉ እውነት ስለሆነ ነው። በባሌ በሳነቴ አምባ ላይ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር እንደ ነበረ፣ በሰሜን ተራሮችም አሻራው እንደሚታይ፣ ይህን ያመላለሰውም ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድና ዘንበል የማለቷ ነገር በአሥር ሺሕ በሚቆጠሩ ዓመታት ቀስ እያለ መለዋወጡ እንደ ሆነ ሲያስተምሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ግን የገዛ ትምህርታቸው መከላከያ ሆኖ ሲቀርብባቸው ጊዜ፣ «ከዚህ ዕድር የቀበርናቸው አብዛኞቹ በእግዜር ሞት የሞቱ ናቸው፤ ታዲያ ነገ አንድ ሰው በሚኒባስ ቢገጭ ሹፌሩ 'ሰው ድሮም ሟች ነው' ብሎ ይሄዳል?» አሏቸው። ባለ ሚኒባሱ ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

በነገሩ ላይ ማኅተም ለማድረግ፣ በይነ መንግሥታዊው የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት የሰው ልጅ ምድርን ማሞቁ የማያጠራጥር መሆኑን እንደ ደመደመ፣ ሙቀቱም ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በ1.1 ዲግሪ ያህል መጨመሩን መምህሩ ጠቀሱ። ሰብሳቢውን ያስደነቃቸው ዲግሪው አልነበረም። ፓነሉ 195 መንግሥታት በአባልነት ያሉበት፣ ማጠቃለያውም በመንግሥታቱ ተወካዮች ፊት መስመር በመስመር የሚጸድቅ መሆኑን ሲሰሙ ነው አፋቸውን የያዙት። እኛ 148 አባወራዎች ንፍሮው የስንዴ ይሁን የሽምብራ በሚለው ከተለያየን ሦስተኛ ዓመታችን ነው።

እንግዲህ ሰው ነው ከተባለ የትኛው ሰው? ዐይኖች ሁሉ መጀመሪያ ያረፉት በእትዬ ከሰል ላይ ነበር። እትዬ ምጣዳቸው የኤሌክትሪክ እንደ ሆነ፣ ኤሌክትሪኩም ከግድብ ውኃ እንደሚመጣ፣ ከሰል የሚያቀጣጥሉት መብራት ሲጠፋ ብቻ እንደ ሆነ አስታውቀው፣ ክሱን በቀጥታ ወደ መብራት አጥፊው አዞሩት። ተማሪው መላው አፍሪካ ለዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ያላት ድርሻ ከመቶ አራት እጅ እንኳ የማይሞላ መሆኑን ሲናገር፣ ቤቱ በእፎይታ ተነፈሰ። በድህነታችን ይህን ያህል ስንኮራ አይቼ አላውቅም። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው፣ ታዲያ ለዋናው ተጠያቂ ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ። ለማን ብዬ ብጠይቅ፣ ተማሪው በእንፋሎት ሞተሩ የከሰሉን ዘመን ያፋፋመው ጄምስ ዋት መሆኑን ጠቆመ።

«በሕይወት አሉ?» አሉ ሰብሳቢው።

«እ.ኤ.አ. በ1819 ዐርፈዋል።»

«ነፍስ ይማር» አለ ቤቱ ባንድ ድምፅ፤ ክሱም በሞት ምክንያት ተቋረጠ።

ድምፅ እንዲሰጥ ሲወሰን የሆነውን ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። «ሰው ነው» ለሚለው እጅ ያወጣው እጅግ ብዙ ነበር፤ ሰብሳቢው ግን «ሰው» ሲባል መኪና ያለውን፣ ጄኔሬተር የሚያስነሣውን፣ ቆሻሻ ግቢው ውስጥ የሚያቃጥለውንም እንደሚጨምር ሲያብራሩ፣ እጆቹ እንደ ማታ ዶሮ አንድ በአንድ ወደ ማረፊያቸው ተመለሱ። «ተፈጥሮ ነው» ለሚለው ደግሞ ካዝናው ይክፈል ማለት መሆኑ ስለታወቀ፣ ከንብረት ያዡና ከባለ ሚኒባሱ በቀር እጅ ያወጣ አልነበረም። ለሁለቱም ያላወጣን ሰዎች ግድግዳው ላይ ያለውን የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ ስናነብ ቆየን።

በመጨረሻ መምህሩ ድንኳኑ ይምጣልኝ አሉ። ተዘርግቶ ሲታይ፣ የተተረተረው ስፌት ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ተተርትሮ በማዳበሪያ ክር የተሰፋ ነበር፤ ክሩ ከመርገፉ የተነሣ በጣት ሲነኩት እንደ ዐመድ ይበናል። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ የአንድ ሌሊት ዝናብ የአየር ሁኔታ እንጂ የአየር ንብረት እንዳልሆነ፣ የአየር ንብረት የሚባለው የ30 ዓመት ልማድ እንደ ሆነ፣ ስለዚህ ይህን የጥር ዝናብ ብቻውን ይዘው በማንም ላይ መፍረድ እንደማይችሉ ተናገሩ። ቀጥለውም የሐሮማያ ሐይቅ የደረቀ ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩን ሁሉ በሰማይ ላይ ሲያላክክ፣ ውኃው ዋነኛ ጉዳት የደረሰበት ለመስኖና ለከተማ በሚስቡት ፓምፖችና በደለል እንደ ነበረ አስታወሱና፣ ዐይናቸውን በማዳበሪያው ክር ላይ ተከሉ። ምድርን ያሞቀው ሰው መሆኑን ለሁለት ሰዓት ሲከራከሩልን የቆዩት ሰው፣ ድንኳኑን ያበላሸው ግን ሙቀቱ ላይሆን ይችላል ማለታቸውን ግማሹ ቤት እንደ ክሕደት ቆጠረው። ንብረት ያዣችን በማዳበሪያ ክር ማን እንደ ሰፋው አላስታውስም አሉ።

ጊዜው ስለመሸ፣ በየቤቱ 150 ብር ተዋጥቶ 22,200 ብር እንዲሰበሰብ፣ ትርፉ 200 ብር ለሻይ እንዲሆን ተወሰነ። «የጉዳቱ ምክንያት» የሚለው መስመር ላይ ምን ልጻፍ ብዬ ብጠይቅ፣ ሰብሳቢው ጥቂት አስበው «ለጊዜው ቦታውን ተወው» አሉኝ።

በማግስቱ ማለዳ ጡሩንባ ነፊያችን በየመንገዱ «ለዓለም ሙቀት በቤት 150 ብር!» እያለ ሲያልፍ ተሰማ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ገንዘብ ፈትተው፣ ሁለት ጊዜ ቆጥረው ከሰጡኝ በኋላ ደረሰኙን ሳልጽፍ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ይሄ አንዴ ከተከፈለ ያበቃል ወይስ በየወሩ ነው?»