የወላጆች ቀን ለአሳዳጊዎችም ይሁን

ሰኔ ሲገባ የአዳማ የሆቴል አዳራሾች ከስብሰባና ከሥልጠና ተላቀው ለሕፃናት ይሆናሉ። የመዋዕለ ሕፃናት ተመራቂዎች ጋዋን ለብሰው ይሰለፋሉ፤ ደረጃ ያገኙ ተማሪዎች ከነወላጆቻቸው ወደ መድረክ ይጠራሉ፤ ፎቶ አንሺውም "እናትና አባት በዚህ በኩል" እያለ ያስተካክላል። ከዚያ ቀደም ብሎ በግንቦት ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የእናቶችን ቀን አክብረዋል፤ የአባቶችን ቀን የሚጨምሩም አሉ።

እነዚህን በዓላት እወዳቸዋለሁ። ልጅ ወላጁን በሰው ፊት እንዲያመሰግን ማስተማር ትልቅ ነገር ነው፤ ይቅሩ የሚል ቢመጣ እከራከረዋለሁ። እኔ የምጠይቀው ጥሪውም መድረኩም ልጁን በእርግጥ ከሚያሳድገው ሰው እንዲጀምሩ ነው። አሁን ሁሉም ነገር የሚታቀደው እናትና አባት አብረው ለሚኖሩበት፣ ሁለቱም ከተማ ውስጥ ላሉበት፣ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አዳራሽ ገብተው መቀመጥ ለሚችሉበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት አለ፤ ይባረክ። አዳማ ግን በእርሱ ብቻ አልቆመችም።

ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ የሚመላለሰው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው፤ የከባድ መኪናው መንገድም በዚህች ከተማ ያልፋል። ስለዚህ አዳማ የሾፌርና የረዳት ከተማ ናት። አባት አዋሽን፣ ሚሌንና ጋላፊን አልፎ ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ ይሰነብታል፤ ልጁ የሚያገኘው ጭኖ ሲመለስ ለሁለት ለሦስት ቀን ነው። እናቶች ደግሞ ቤይሩት፣ ሪያድና ኩዌት አሉ። የሰው ቤት ሠርተው የሚልኩት ገንዘብ ለልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ይውላል፤ በእናቶች ቀን ግን የዚያች እናት ልጅ አበባውን የሚሰጠው ሰው የለውም። ትምህርት ቤቱ በየወሩ ክፍያዋን እየተቀበለ በበዓሏ ቀን እንደሌለች ሲቆጥራት ያሳዝነኛል።

ሌሎችም አሉ። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው ከተማችን ውስጥ ከሰፈሩት ቤተሰቦች መካከል ከአጎት ወይም ከአክስት ጋር የመጡ ልጆች ይኖራሉ። አባቱን በስም ብቻ የሚያውቅ ልጅ አለ፤ ወላጆቹ ተፋተው ሁለቱን በአንድ አዳራሽ ማስቀመጥ ጭንቅ የሚሆንበትም አለ። ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት በሽታው በዚህ መንገድ ዳር ያሉ ከተሞችን ክፉኛ ሲጎዳ ስንት ልጅ በአያት እጅ እንደቀረ የአካባቢው ሰው አይረሳም። ያኔ አያት ያሳደጋቸው ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ሆነው ልጆቻቸውን በእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ያስተምራሉ። የወላጆች ቀን በመጣ ቁጥር ምን እንደሚሰማቸው የጠየቃቸው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ባለፈው ግንቦት የእህቴን ልጅ ለማየት በአንድ መዋዕለ ሕፃናት የእናቶች ቀን ላይ ተገኝቼ ነበር። በር ላይ ነጠላቸውን በሥርዓት ያጣፉ አንዲት እናት ከጥበቃው ጋር ቆመዋል። "የልጅቷ እናት ነዎት?" አላቸው። "አያቷ ነኝ፣ የማሳድጋት እኔ ነኝ" አሉት። የጥሪው ወረቀት "ውድ እናቶች" ይላል፤ ጥበቃውም የታዘዘው እናቶችን ብቻ እንዲያስገባ ነው። በመጨረሻ አንዲት መምህርት ወጥታ አስገባቻቸውና ከኋላ ወንበር ሰጠቻቸው። መዝሙሩ ሲያልቅ በድምፅ ማጉያው "በሉ ልጆች፣ አሁን ወደ እናቶቻችሁ ሩጡ!" ተባለ። ልጆቹ የወረቀት አበባቸውን ይዘው ሮጡ። ፊት ያሉት እናቶች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ተነሥተው ስለነበር ከኋላ የቆሙት አያት አይታዩም። ልጅቷ ግራ ቀኝ አየችና አበባውን ለመምህርቷ ሰጠች። በኋላ አያትየውን አነጋገርኳቸው፤ የልጅቷን ሹሩባ ማታ ቁጭ ብለው የሠሩት እርሳቸው ናቸው። የተቀየሙ አይመስሉም፤ "ልጅቷ ፈልጋ አጣችኝ እኮ" ነው ያሉኝ።

እዚያ ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። መምህራኑ መዝሙሩን ሲያስጠኑ፣ አበባውን ከልጆቹ ጋር ሲቆርጡና ሲያጣብቁ ነው የሰነበቱት። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህችን ልጅ የሚያሳድጋት ማን ነው ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ አልነበረም።

ደግሞ ትምህርት ቤት ይህን ማወቅ ሲፈልግ ያውቀዋል። ልጅ ሲያጠፋ "ወላጅ ይዘህ ና" ይባላል። አክስት ብትመጣ፣ ታላቅ ወንድም ቢመጣ፣ አያት ምርኩዝ ይዘው ቢመጡ እናት ካልመጣች ብሎ የሚመልሳቸው የለም። ያስቀምጧቸዋል፣ የልጁን ጥፋት ይዘረዝሩላቸዋል፣ ያስፈርሟቸዋል። ክፍያ ሲዘገይ የሚደወለው ለእነርሱ ነው፤ የውጤት ካርዱም "የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ" ይላል። ለወቀሳና ለክፍያ ወላጅ የሆነ ሰው ለምስጋና ሲሆን ከበር የሚመለስበት ምክንያት አይታየኝም።

በዓሉ ራሱ ከየት እንደመጣ ማስታወስም ይጠቅማል። በግንቦት የምናከብረው የእናቶች ቀን ከአሜሪካ የመጣ ነው። የጀመረችው አና ጃርቪስ እናቷ በ1905 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሞተውባት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በዌስት ቨርጂኒያ ግራፍተን ከተማ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ አዘጋጀች፤ እናቷ ይወዱት የነበረውን ነጭ አበባ ለተሰበሰቡት ላከች። በ1914 ፕሬዚዳንት ዊልሰን ቀኑን ብሔራዊ በዓል አድርገው አወጁት። አና ራሷ ልጅ አልወለደችም፤ በኋላም በዓሉ የካርድና የአበባ ነጋዴ ገበያ ሆነ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ተሟገተች። ስለዚህ ቀኑ ሲጀመር እናቷን በሞት ያጣች ልጅ መታሰቢያ ነበር። እናቱ የሞተችበት ልጅ በዚህ ቀን ከማንም በፊት ቦታ ሊኖረው ሲገባ እኛ ጥግ አስይዘነዋል።

ይህን ሐሳብ ሳነሳ "ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ቤተሰብን ለማፍረስ ነው" የሚሉኝ አሉ። ስጋታቸውን አልንቅም፤ ለቤተሰብ የሚቆረቆር ሰው ወዳጄ ነው። ነገር ግን እኔ የማወራው ስለ አያት፣ ስለ አክስት፣ ስለ ታላቅ እህት ነው። የጡት ልጅ፣ የክርስትና እናት፣ የእንጀራ አባት የምንል ሕዝብ ነን። አዳማ ባለችበት በኦሮሞ ምድር ደግሞ ጉዲፈቻ ያለው ቤተሰብ የወሰደውን ልጅ ከአብራኩ ከወጣው አይለይም። አገሪቱም በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ስታግድ ልጆቻችን በአገራቸው ይደጉ ብላለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ሲል አሳዳጊን ከወላጅ ጎን አስቀምጧል። ስለዚህ ከውጭ የምናስመጣው ነገር የለም፤ ቤታችን ውስጥ ያለው ትምህርት ቤት ይግባ ነው የምለው።

ሌሎች ደግሞ "ልጅ የሕይወቱን እውነት መልመድ አለበት" ይላሉ። እናቱን ያጣ ልጅ ይህን እውነት በየቀኑ ይኖረዋል፤ በድምፅ ማጉያ የሚነገረው አዲስ ነገር የለም። ለጥቂቶች ሲባል የብዙኃኑ ደስታ ይቀንሳል የሚለው ሙግትም አያስኬድም። እናቱ የመጣችለት ልጅ አጠገቡ ያለው አያቱን ስላቀፈ ከደስታው ምን ይጎድልበታል?

የምፈራው መድኃኒቱ ራሱ እንዳያቆስል ነው። "እናት የሌላችሁ እጃችሁን አውጡ" ማለት፣ እነዚያን ልጆች ለብቻ አሰልፎ ስጦታ መስጠትና ፎቶ ማንሳት፣ ለዕለቱ ብቻ እናት የምትሆን መምህርት መመደብ፤ እነዚህ ሁሉ ከዝምታ ይብሳሉ። ልጅ በጓደኞቹ ፊት ሲታዘንለት ያፍራል። በዓሉን "የቤተሰብ ቀን" ብሎ መሰየምም ብቻውን አይረዳም፤ ስሙ ተለውጦ ጥበቃው በር ላይ ያንኑ ከጠየቀ ምን ተገኘ? እኔ የእናቶች ቀን በስሙ እንዲቆይ እመርጣለሁ።

እዚሁ ከተማ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የምታስተምር ወዳጄ የምታደርገው ቀላል ነው። መስከረም ላይ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ ጠርታ "ማታ ደብተርህን የሚያይልህ ማን ነው? ጠዋትስ ማን ይቀሰቅስሃል?" ትላለች። እናትህ የት ናት አትልም። መልሱን ማስታወሻዋ ላይ ትጽፈዋለች፤ የበዓሉ ጥሪ ሲደርስ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ያ ስም ነው። አንዱ ተማሪዋ የጠራው ታላቅ ወንድሙን ነበር። ወንድምየው ባጃጁን አጥሩ ጥግ አቁሞ፣ በሥራ ልብሱ ገብቶ፣ ካርዱን ሁለቴ አንብቦ ኪሱ ከተተና ወደ ሥራው ተመለሰ። እናቷ ኩዌት ያለች ልጅ ደግሞ ግጥሟን ስታነብ በስልክ ተቀርጾ በኢሞ ተላከላት። እናቱ የሞተችበት ልጅ ፎቶዋን ይዞ መምጣት ከፈለገ ይመጣል፤ ካልፈለገ የሚጠይቀው የለም።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ገበያ የምትውል፣ ፋብሪካ የምትሠራ እናት በሥራ ቀን ጠዋት ስትቀር ልጇ የሚያየው ባዶውን ወንበር ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ብዙዎቹ ይመጡ ነበር። ወጪውም እንዲሁ። ለጋዋን ኪራይ፣ ለአንድ ዓይነት ቲሸርት፣ ለስጦታ እየተባለ የሚሰበሰበው ገንዘብ አንዳንዱን አሳዳጊ ገና ከመነሻው ከበዓሉ ያስቀረዋል። ልጁ በእጁ የሠራው ካርድ ይበቃል።

የምዝገባው ቅጽ የአባት ስም፣ የእናት ስምና ስልክ ይጠይቃል። "ልጁን የሚያሳድገው ማን ነው? በትምህርት ቤቱ በዓል ማን እንዲጠራለት ይፈልጋሉ?" የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት አባል የሆናችሁ አንባቢዎች ከነሐሴው ምዝገባ በፊት በምታደርጉት ስብሰባ ይህን አንሡት፤ ቅጹ ሳይታተም ከተወሰነ መልሱ መስከረም ላይ በክፍል ኃላፊው መምህር እጅ ይገባል።