ውሻና ድመቱን ትተን ዕቁቡን እናስተምር

ለሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ አንድ ጥያቄ ይቅረብለት፦ በጃቫ ቋንቋ «አባል» የሚል ክላስ (ኦብጀክት የሚባሉት ነገሮች የሚሠሩበት ንድፍ) አለ፤ 12 አባላት የሚይዝ አሬይ (ዝርዝር) «ኒው» በሚለው የመፍጠሪያ ቃል ተፈጥሯል። እስካሁን ስንት አባል አለ? ብዙው ተማሪ 12 ይላል። መልሱ ግን ዜሮ ነው። የተፈጠረው 12 ክፍት ቦታ ያለው መደርደሪያ ብቻ ነው፤ በየቦታው ያለው «ነል»፣ ማለትም ባዶ ነው። የመጀመሪያውን አባል ስም ልጥራ ያለ ተማሪ ፕሮግራሙ ፊቱ ላይ ይቆማል። ያው ተማሪ ግን አራቱን የኦኦፒ (በኦብጀክት ላይ የተመሠረተ ፕሮግራሚንግ) ምሰሶዎች ጥራ ቢባል ኢንካፕሱሌሽን፣ ኢንሄሪታንስ፣ ፖሊሞርፊዝም፣ አብስትራክሽን ብሎ እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል።

ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው። በተለመደው አካሄድ ተማሪው መጀመሪያ በሲ ፕላስ ፕላስ መሠረታዊ ፕሮግራሚንግ ይማራል፣ ቀጥሎ ጃቫ ይዞ ወደ ኦኦፒ ይገባል። የመጀመሪያው ሳምንት የአራቱ ቃላት ትርጉም ነው። ትንሽ ቆይቶ «እንስሳ» የሚባል ክላስ ይመጣና ውሻና ድመት ይወርሱታል፤ አንዱ ይጮኻል፣ ሌላዋ ሚያው ትላለች። ይህ ምሳሌ በየስላይዱ የሚገኘው ለማስረዳት ስለሚመች ሳይሆን ለመቅዳት ስለሚመች ይመስለኛል። እንስሳው የሚጠብቀው ንብረት የለው፣ የሚቆጥረው የለው፣ የሚከለክለው የለው። ተማሪው «ይህንን እኮ በአንድ ኢፍ (‹እንዲህ ከሆነ› በሚል ትእዛዝ) እሠራዋለሁ» ብሎ ቢያስብ እውነቱን ነው።

የኦኦፒ ሐሳብ ሲወለድም የዘር ሐረግ ለመሳል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ክሪስተን ኒጎርና ኦሌ ዮሃን ዳል ኦስሎ ውስጥ ሲሙላ የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሠሩት፣ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው፣ ገሃዱን ዓለም በኮምፒውተር ለማስመሰል ነው፤ ወረፋ የሚይዙ፣ የሚጠባበቁ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሁኔታ የተሸከሙ ነገሮች። ውርስ (ኢንሄሪታንስ) የታከለው ቆይቶ በሲሙላ 67 ነው። እኛ ግን ኋላ የመጣውን እናስቀድማለን።

ለእኛ ተማሪ ከዕቁብ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ካላወቀም ቤት ሄዶ እናቱን ይጠይቃል። 12 አባላት፣ በወር 1,000 ብር፣ በዙር 12,000 ብር። ለላብ (ለኮምፒውተር ክፍሉ ልምምድ) ሁለት ደንብ ይበቃል፦ የወሩን ያልከፈለ ባለበት ዕጣ አይወጣም፤ አንዴ የደረሰው ዳግም አይደርሰውም። ተማሪው ሁለት ክላስ ይጽፋል፣ «አባል» እና «ዕቁብ»። ገንዘቡ «ፕራይቬት» (ከክላሱ ውጭ የማይነካ) ነው፤ ለምን ሲባል «ደኅንነት» የሚል የስላይድ መልስ አያስፈልግም። የዕቁቡን ሣጥን ከዳኛውና ከጸሐፊው በቀር ማንም ዘው ብሎ አይከፍትም፣ ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ ልማድ መነቀል አለበት። መጻፊያው ሶፍትዌር በአንድ ጠቅታ ለሁሉም መረጃ ጌተርና ሴተር (መረጃውን የሚያነብና የሚቀይር ትእዛዝ) ያመርታል፤ ተማሪውም ያንን ኢንካፕሱሌሽን (መረጃን ሸፍኖ መጠበቅ) ብሎ ያስረክባል። ሣጥኑን ቆልፎ ቁልፉን በር ላይ መስቀል ነው። ዕቁቡ «ገንዘብን 12,000 አድርግ» የሚል ሜተድ (ኦብጀክቱ የሚፈጽመው ሥራ) አያስፈልገውም፤ «መዋጮ ተቀበል» እና «ዕጣ አውጣ» የሚሉት ይበቁታል። ሁሉም ሴተር ይሰረዝና የትኛው ሥራ እንደቆመ ይታይ። ብዙውን ጊዜ ምንም አይቆምም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ስለ ውርስ አንድ ቃል ባይነሳ እመርጣለሁ። ጊዜው ሳጥንና ቀስት ለመሳል ይዋል፦ ተለዋዋጩ በአንድ በኩል፣ ኦብጀክቱ በሌላ በኩል፣ በመካከላቸው ቀስት። «ሀ» አልማዝ ወደምትባለው አባል ይጠቁማል፤ «ለ»ን ከ«ሀ» ጋር እኩል አድርግ፤ በ«ለ» በኩል ስልኳን ቀይር፤ አሁን በ«ሀ» በኩል የሚታየው ስልክ የቱ ነው? ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም። መብራት በጠፋበት ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይሠራል፤ በወረቀት ኮድ ማስጻፍን ብቃወምም ይህን ግን በወረቀት መፈተን ተገቢ ነው።

ላብ ውስጥ የሚገጥሙት ስህተቶች ደግሞ ከስላይዱ ሁሉ በላይ ያስተምራሉ፣ መምህሩ ቸኩሎ ካላረማቸው። ተማሪው ኮንስትራክተር (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሠራው ክፍል) ውስጥ «መዋጮ = መዋጮ» ብሎ ይጽፋል። ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ዝም ይላል፣ ፕሮግራሙም ይሠራል፤ ግን የዙሩ ድምር 0 ብር ነው። የተቀበለውን ዋጋ መልሶ ለራሱ ሰጠው እንጂ ኦብጀክቱ ጋ አልደረሰም፤ ፊቱ ላይ «ዚስ» («የዚህ ኦብጀክት» የሚለውን ቃል) ማስገባት ነበረበት። ሌላው በኮንስትራክተሩ ፊት «ቮይድ» (ምንም ዋጋ አይመልስም የሚል ቃል) ይጨምራል። ያን ጊዜ ኮንስትራክተርነቱ ቀርቶ ተራ ሜተድ ይሆናል፤ ኮምፓይለሩ የሚጮኸው ግን ስህተቱ ባለበት መስመር ሳይሆን ስምና ስልክ ሰጥቶ ኦብጀክቱን ሊፈጥር በሞከረበት መስመር ነው። ተማሪው ግማሽ ሰዓት የሚያፈጠው ደኅናው መስመር ላይ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው «ስታቲክ» (የክላሱ የጋራ የሚያደርገው ቃል) ነው። በተለመደው የጃቫ አጻጻፍ «ሜይን» (ፕሮግራሙ የሚጀምርበት ሜተድ) ስታቲክ ስለሆነ ከእሱ ውስጥ በቀጥታ የኦብጀክቱን መረጃ ልጥራ ሲል ይከለከላል፤ ኤዲተሩ ደግሞ «ስታቲክ አድርገው» የሚል ምክር ይለግሰዋል። ያደርገዋል፤ ቀዩ መስመር ይጠፋል። 12 አባላት አስመዝግቦ ዝርዝሩን ሲያወጣ የመጨረሻዋ ሰው ስም 12 ጊዜ ይታተማል፣ ምክንያቱም አሁን ስሙ የክላሱ እንጂ የአባሉ አይደለም። ይህን ውጤት ማጥፋት ሳይሆን ፕሮጀክተር ላይ አውጥቶ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። የስም ማወዳደሪያውም እንዲሁ፦ ኮዱ ውስጥ ሁለት ቦታ የተጻፈ «አልማዝ» በድርብ እኩል ምልክት ሲወዳደር እኩል ነው፤ ከኪቦርድ የገባው «አልማዝ» ግን ከኮዱ ጋር እኩል አይደለም። ምልክቱ የሚጠይቀው «አንድ ኦብጀክት ናቸው ወይ» ብሎ ነው፤ ፊደሎቹን የሚያወዳድረው «ኢኩዋልስ» ነው። ቀስትና ሳጥን የሳለ ተማሪ ይህ አይገርመውም።

በነገራችን ላይ ጃቫ የክላስና የተለዋዋጭ ስም በግእዝ ፊደል ይቀበላል። «አባል» ብሎ ክላስ መሰየም ይቻላል፤ ዊንዶውስ ላይ ከጄዲኬ (የጃቫ መሥሪያ ጥቅል) 18 በፊት ያለ ስሪት ከሆነ ኢንኮዲንጉን (የፊደሉን አቀማመጥ ስልት) ዩቲኤፍ 8 ነው ብሎ መንገር ሊያስፈልግ ይችላል። ለሥራ ዓለም አይመከርም፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ግን የቋንቋውን ቁልፍ ቃል ተማሪው ራሱ ከሰየመው ነገር በዓይን ይለይለታል።

ፖሊሞርፊዝም (አንዱን ትእዛዝ የተለያዩ ክላሶች በየራሳቸው መንገድ መፈጸማቸው) ሲመጣም ዕቁቡ አያልቅበትም። አንዱ ዕቁብ በዕጣ ያወጣል፣ ሌላው ተስማምቶ በተራ። «የሳምንት ዕቁብ» እና «የወር ዕቁብ» ብሎ ማወራረስ ወጥመድ ነው፤ የሚለየው አንድ ቁጥር ብቻ ስለሆነ መረጃ ሆኖ ይቀመጣል። አወጣጡ ግን ባሕርይ ነው፤ ስለዚህ «አውጪ» የሚባል ኢንተርፌስ (ምን እንደሚሠራ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ የማይናገር ውል) ይኖራል፣ ሁለት ክላሶች ይፈጽሙታል። ጥቅሙ ወዲያው ይታያል፦ በዕጣ የሚሠራውን ፕሮግራም መፈተሽ አስቸጋሪ ነው፣ ውጤቱ በየጊዜው ይለያያልና። በተራ የሚያወጣውን ሰክቶ 12ቱን ዙር ማስኬድና ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ እንደደረሳቸው ማረጋገጥ ግን የደቂቃ ሥራ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የመውጫ ፈተና ምርጫ እንጂ ኮድ አያስጽፍም፣ ስለዚህ ትርጉሙን ማስያዝ ይሻላል የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ትርጉሙ ይቅር ያለ የለም። ሠርቶ ላየው ተማሪ አራቱን ቃላት በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት መስጠት ይበቃል፤ ያኔ የሚሸመድደው ሳይሆን ስም የሚያወጣለት ነገር አለው።

ለፕሮጀክቱ ደግሞ ከጓደኛ የተቀዳ ኮድና የተጠረዘ ሪፖርት ተቀብሎ ነጥብ መስጠት ይቅር። ተማሪው ላፕቶፑን ይዞ ይቀመጥ፣ 15 ደቂቃ ይሰጠው፣ አንድ ለውጥ ይታዘዝ፦ «አልማዝ ሁለት ዕጣ መጣል ፈልጋለች።» የቀዳው ተማሪ የት እንደሚጀምር አያውቅም፤ እሱ ቶሎ ይለያል። የሚያስደስተው የሠራው ነው። «ደርሶታል» የሚለውን እውነት ወይም ሐሰት አባሉ ውስጥ አስቀምጦት ነበርና፣ አልማዝ አንዴ ከደረሳት ሁለተኛው ዕጣዋ እንደተዘጋ ያያል። መጀመሪያ ቁጥር ሊያደርገው ይሞክራል። ቀጥሎ ሁለት ሰዎች ተጋርተው አንድ ዕጣ ቢጥሉስ ይባላል፤ ቁጥሩም አልሠራም። ጥቂት ዝም ብሎ «ዕጣ» የሚል አዲስ ክላስ ይከፍታል።