ሮምን ጨርሰናታል

የአክስቴን ልጅ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ቅዳሜና እሁድ፣ ሁለት ቀን ብቻ፣ በእግሩ፣ ሮምን የሚያህል ከተማ ጨረሰ። «ጎበኘ» አላልኩም። ጎብኚማ ሞልቷል። እሱ ግን ጨረሳት። እሁድ ማታ ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ፦ 61 ሺህ እርምጃ፣ 1,140 ፎቶ። ከዚህ በኋላ የተረፈ ሮም ያለ አይመስለኝም።

እኔ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው፤ እሱ ስቶክሆልም። 12 ዓመት ስለምበልጠው «ጋሼ» ይለኛል። ጋሼ ማለቱ ግን እንደ በቅሎ ከመንዳት አላገደውም። ቅዳሜ ጠዋት ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስንገናኝ ዝርዝሩ ስልኩ ላይ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። 23 ቦታ፣ ለእያንዳንዱ 7 ደቂቃ። ለምሳ 15 ደቂቃ ተመድቧል። (ፒዛው የሚበላው ቆሞ ነው። ቁጭ ላለ ሰው እርምጃ አይቆጠርለትም።)

ጫማውንም ላመስግን። ነጭ ስኒከር ነው፤ ወተት የመሰለ፣ ለዚሁ ጉዞ የተገዛ። የመሃል ሮም መንገድ ደግሞ «ሳምፒየትሪኒ» በሚሏቸው ጥቋቁር ድንጋዮች የተነጠፈ ነው። ሌላው መንገደኛ ቀና ብሎ ሕንፃ ሲያይ የኔ ሰው በየመቶ ሜትሩ ጎንበስ ብሎ ጫማውን በሶፍት ይጠርጋል። ይህን ያህል ጊዜ ለሮም መሬት ያጎነበሰ ቱሪስት አላየሁም።

ከጣቢያው ስንወጣ ያለው አደባባይ ስሙ «የ500ዎቹ አደባባይ» ነው። 500ዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የጨረሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። (እዚያም ጨረሱ ነው የምንለው።) ከአደባባዩ አለፍ ብሎ ለነሱ መታሰቢያ የቆመ የግብፅ ሐውልት አለ። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ ዘርፈው ያመጡትን የይሁዳ አንበሳ ያስቀመጡት እዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። በ1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ድረስ አንበሳውን አይቶ ተንበርክኮ ሲጸልይ፣ ሊያስነሱት ቢመጡ ጎራዴውን መዘዘ።

ይህን ሁሉ ልነግረው አፌን ከፈት ሳደርግ የአክስቴ ልጅ በሐውልቱ ጥላ ሥር ቆሞ ካርታውን እያገላበጠ ነበር። ቀና አለና፦

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሐውልት ነው። የዶጋሊ...»

«ጎግል ላይ ስንት ኮከብ አለው?»

አላውቅም አልኩት። ስለዚህ አለፍነው። ትክክል ነበር፤ ኮከቡ ያልታወቀ ታሪክ 7 ደቂቃ አይገባውም።

ትሬቪ ፏፏቴ ላይ ሳንቲም በትከሻው አሻግሮ ወረወረ። አንድ የወረወረ ወደ ሮም ይመለሳል ይባላል። የመጀመሪያው በቪዲዮ ስላልተቀዳ ደገመው። በሁለተኛው አንዲት ቻይናዊት አያት ፊቱ ገቡበት። በሦስተኛው ፀጉሩ አላማረም። አራተኛው ተሳካ። አራት ጊዜ ሊመለስ ነው ማለት ነው፤ ከጨረሳት ከተማ ምን ፍለጋ እንደሚመለስ አልጠየቅኩም። ደግነቱ ሳንቲሙ ተለቅሞ ካሪታስ በተባለው የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ለችግረኞች ይውላል። በፀጉሩ ምክንያት ምሳ የሚበላ ሰው ይኖራል።

እሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፏፏቴው ዙሪያ የነበርነው ሁላችንም ለፏፏቴው ጀርባችንን ሰጥተን ነበር። የድሮ ሰው ሞኝ ነው፤ አንድን ነገር ለማየት ፊቱን ያዞር ነበር። የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ በነበረው ፓንቴዮን ውስጥም እንዲሁ። 1,900 ዓመት ገደማ የቆየው ጉልላት አናቱ ላይ ክፍት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይገባል። የአክስቴ ልጅ ለአንድ አፍታ ሽቅብ አየ። «አይገባም» አለ። ዝናቡን መስሎኝ «ይገባል እንጂ» አልኩት። ለካስ ጉልላቱ ስልኩ ውስጥ አልገባለት ኖሯል።

«የእውነት አፍ» የምትባለው ድንጋይ ዘንድ ግን ሕጉን ሁሉ ሻረ። 50 ደቂቃ ተሰለፍን። ክብ ናት፤ የሰው ፊት ተቀርጾባታል። የሚዋሽ ሰው እጁን አፏ ውስጥ ካስገባ ትቆርጠዋለች ይባላል። በጥንት ጊዜ ሳትሆን አትቀርም የተባለው ግን የፍሳሽ ክዳን ነው። እንግዲህ የዓለም ሕዝብ እጁን ፍሳሽ ክዳን ውስጥ ለመክተት አንድ ሰዓት ይሰለፋል፤ እኛ ግን አዲስ አበባ ላይ ክዳኑ ተሰርቆ ባዶ በቀረ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ወረፋ በሙሉ ሰውነታችን እንገባለን። ቱሪዝም የማናውቅበት እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ የጥንቱን የሠረገላ መወዳደሪያ ሜዳ፣ ቺርኮ ማሲሞን፣ ተሻግረን ፖርታ ካፔና ደረስን። ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ መንገድ ስለሆነ ብቻ ነው። የአክሱም ሐውልት 66 ዓመት ያህል የቆመው እዚህ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆሟል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት ላይ፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ የሞሮኮውን ራዲን ጥሎት የሄደው እዚሁ አካባቢ፣ ሐውልቱ ፊት ነው። በባዶ እግሩ! ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሽቅብ ብቻውን ሮጠ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ የዓለም ክብረ ወሰን።

እኛም በዚያው መንገድ ሽቅብ ሄድን። «ጋሼ፣ ይሄ ድንጋይ እግር ገደለ እኮ!» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ስኒከር አድርጎ መሄድ ከባድ ነው።

ቅስቱ ጋ ስንደርስ ሲሮጥ ያለፈ ሕፃን ነጩን ጫማ ረገጠው። የአክስቴ ልጅ ጮኸ። በአንድ ጉልበቱ ወርዶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሶፍቱን አውጥቶ መጥረግ ጀመረ። እኔም ከ1,140ው አንዷን አነሳሁት።

እሁድ የቫቲካን ሙዚየም ዝግ ነበር፤ አብዛኛውን እሁድ ዝግ ነው። በሩን ፎቶ አንስተን ጨረስነው። የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ማተሚያ ቤት ገብቶ መዝሙረ ዳዊት የታተመው በዚህ ከተማ፣ በ1513 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ልነግረው ፈልጌ ነበር። እርምጃው 60 ሺህ ስላልሞላ ጊዜ አልነበረም።

ማታ ሆቴል ገብተን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አክስቴ፣ በቪዲዮ ደወልን።

«ሮም እንዴት ናት ልጄ?»

«ድንጋይ ብቻ ናት እማዬ።»

«የአበበ ቢቂላንስ ቦታ አየህልኝ?»

አክስቴ አበበ ሲያሸንፍ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሲጨፍር ታስታውሳለች። የአክስቴ ልጅ እኔን አየኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ። ፎቶዎቹን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ሲያገላብጥ ቆየና ያቺን ላከላት። አክስቴ መነጽሯን አደረገች። ዝም አለች።

«ተንበርክከህ?» አለች፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። «ሶፍት ይዘህ... አልቅሰህ ነው እንዴ ልጄ?»

«አዎ እማዬ» አለ።

እጁን አየሁት። አልተቆረጠም።