ውቅያኖሱ ይቆየን፤ መጀመሪያ ኮለኑ

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፈን በሚባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ምድር መንቀጥቀጥ ሲበረታ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ሰው በሌሊት ከፎቅ ወርዶ ደጅ ቆመ። ስልኩን ሲከፍት ያገኘው ወሬ ደግሞ ይሄ ነበር፦ «አፍሪካ ለሁለት እየተከፈለች ነው፣ አዲስ ውቅያኖስ ሊመጣ ነው!» ወሬው ውሸት አይደለም። ግን ደጅ ለቆመው ሰው ምንም አይፈይድለትም።

አፋር ላይ ሦስት ቴክቶኒክ ፕሌቶች፣ ማለትም የምድር ቅርፊት ግዙፍ ቁራጮች፣ ይገናኛሉ፤ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ። ሦስቱም እየተራራቁ ነው። የእኛ ስምጥ ሸለቆ በዓመት የሚሰፋው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በመቶ ዓመት ግማሽ ሜትር መሆኑ ነው። ባሕሩ እስኪገባ ሚሊዮን ዓመታት ይቀራሉ። የባሕር በር በዚህ በኩል የምትጠብቁ ሌላ መላ ፈልጉ።

ታዲያ ሸለቆው በየዓመቱ እኩል እኩል አይራመድም። ለረጅም ዘመን ዝም ይልና የተጠራቀመውን ባንዴ ይለቀዋል። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ የተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ ማግማ፣ ማለትም የቀለጠ አለት፣ ከሥር ሾልኮ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ገባ። መሬቱ በሳምንታት ውስጥ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ፈንታሌና ዶፈን ላይም ያው ማግማ ነው፤ አለቱን እየሰነጠቀ ሲሄድ እኛን ነቀነቀን፣ ላይ ግን አልወጣም። የአፋሩ እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ ግን ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ የመንና ኦማንን አልፎ ሕንድ ድረስ በረራ አሰረዘ።

ጃፓን ላይ አንዱ ፕሌት ከሌላው ሥር ይገባል። ለዘመናት ተቆላልፈው ይቆዩና ሲላቀቁ መጠኑ 9 ሊደርስ ይችላል። ቱርክ ላይ ጎን ለጎን ይፋተጋሉ፤ በ2015 ዓ.ም. የመታት 7.8 ነበር። የእኛው ምድር እንደሚጎተት ሊጥ መሃሉ ሳስቷል፣ ከሥሩም ይግላል። ያን ያህል ኃይል ሳያጠራቅም ይሰበራል። ስለዚህ ትልቁ ብዙውን ጊዜ 6 አካባቢ ነው፤ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰውም መጠኑ 6 ገደማ ነበር።

እዚህ ላይ እፎይ የሚል ሰው አይጠፋም። ግን ሰርዶን ያፈረሳት እንዲህ ያለው ነው፤ መጋቢት 1961 ዓ.ም. ያቺ ትንሽ የአፋር ከተማ ወደመች፣ ወደ 40 ሰው ሞተ። ከዚያ በፊት በ1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። ያኔ አዳማና ሐዋሳ ዛሬ የምናያቸው ፎቆች አልነበሯቸውም።

እኔን የሚያስፈራኝ በየመንገዱ የምናየው ጂ ፕላስ ፎር ነው። ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ የለውም፣ መስታወት ብቻ። ከላይ ያለው ሁሉ ብሎኬት። ጣሪያው ላይ ውሃ የሞላ ሮቶ ተደርድሯል። ሲነቀነቅ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ከታች ባሉት ኮለኖች፣ ማለትም ምሰሶዎች፣ ላይ ነው። ኮለኑን ከመፈረካከስ የሚያድነው ደግሞ ስታፋ ነው፤ ፌሮውን ዙሪያውን ጠፍሮ የሚይዘው ቀጭን ብረት። በተለይ ኮለኑ ከቢም (ከአግዳሚው ተሸካሚ) ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ጠጋ ጠጋ ተደርጎ መታሰር አለበት። ባለቤቱ ብረት ሲቆጥብ፣ ሠራተኛው ሲቸኩል የሚቀነሰው እሱ ነው። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ማን ያየዋል?

ሕግ አጥተን አይደለም። የሕንፃ ኮዳችን የመሬት መንቀጥቀጥን ካካተተ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለው ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት መጥቶ ስታፋውን የሚቆጥር፣ ከተጓደለም «አቁም» የሚል ሰው ነው። ይህ ሰው ደሞዙን ከባለቤቱም ከኮንትራክተሩም መቀበል የለበትም። አፓርታማ ገዢውም ስለ ሊፍቱና ስለ ሴራሚኩ የሚጠይቀውን ያህል፣ ኮለኑ ሲታሰር የተነሳ ፎቶ ይጠይቅ።

የቆሙትን ሕንፃዎች በሙሉ መፈተሽ ዛሬ አይቻልም፤ ገንዘቡም ባለሙያውም አይበቃም። ከሆስፒታልና ከትምህርት ቤት መጀመር ግን ይቻላል። አዋሽ፣ መተሐራ፣ አዳማና ሐዋሳ ሸለቆው ውስጥ ስለሆኑ ቅድሚያው የእነሱ ነው። አዲስ አበባ ጠርዙ ላይ ናት፣ ትከተል።