ዲዮቅልጥያኖስን ገበያ ውስጥ ማግኘት

«ለሮማ መንግሥት መውደቅ ምክንያት የሆኑትን ዘርዝሩ።» ይህ ጥያቄ በተማሪነቴ ስንቴ እንደመጣብኝ አላስታውስም። መልሱ ደብተሬ ላይ በተራ ቁጥር ተደርድሯል። የሥልጣን ሽኩቻ፣ የኢኮኖሚ ድቀት፣ የባዕዳን ወረራ... ሸምድጄ ገባሁ፣ ጻፍኩ፣ ወጣሁ። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የቀረችኝ 476 የምትል ዓመት ብቻ ናት። «የኢኮኖሚ ድቀት» ስል ምን ማለቴ እንደነበር ያኔም አላውቅም። ለመሆኑ የዚያን ጊዜ ሰው ስንዴ ሊገዛ ሲወጣ ምን ገጠመው? ማንም አልጠየቀኝም።

ስለዚህ የጥንቷን ሮማ ታሪክ በችግር ላይ በተመሠረተ ዘዴ እናስተምር የሚሉ ሰዎች ሲመጡ እኔ ከእነሱ ወገን ነኝ። ዘዴው የመጣው ከሐኪሞች ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ካናዳ ውስጥ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎቹን እንዲህ ማስተማር ጀመረ። ሌክቸሩ ሳይቀድም የበሽተኛው ጉዳይ ይቀርብላቸዋል። ተማሪው የማያውቀው ምን እንደሆነ እዚያው ፊት ለፊት ያገኘዋል። ከዚያ ሄዶ ያነባል።

ታሪክ ውስጥስ በሽተኛው ማን ነው? ለእኔ የ301 የሮማ ገበያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ነገሥታቱ የወታደር ደመወዝ ሲያጥራቸው ከሳንቲሙ ውስጥ ብሩን እየቀነሱ መዳብ ይጨምሩበት ነበር። በ260ዎቹ መጨረሻ የብር ከሚባለው ሳንቲም ውስጥ ብሩ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ዋጋ ናረ። በ301 የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ከአንድ ሺህ በላይ ለሆኑ ዕቃዎችና አገልግሎቶች የዋጋ ጣሪያ አወጀ። ከዚያ በላይ የሸጠ በሞት ይቀጣል። የገዛም፣ ዕቃ የደበቀም እንዲሁ። አዋጁ በድንጋይ ስለተቀረጸ ስብርባሪው እስከ ዛሬ አለ። አንድ የሠራዊት መስፈሪያ ስንዴ 100 ዲናር (የሮማ ገንዘብ)። የቀን ሠራተኛ ከነምግቡ 25 ዲናር። ፀጉር ቆራጭ ከአንድ ሰው 2 ዲናር።

አስተማሪ ብሆን መጀመሪያ የምሰጠው ይህን ዝርዝር ብቻ ነው። አዋጁ ሠራ ወይስ ከሸፈ አልናገርም። አንዱ ቡድን የእስክንድርያ እህል ነጋዴ ይሁን፣ ሌላው የቀን ሠራተኛ፣ ሌላው ወታደር። የነጋዴዎቹ ቡድን ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ላይ ይደርሳል። ከእስክንድርያ እስከ ሮማ የመርከብ ኪራይ ለአንድ መስፈሪያ 16 ዲናር ነው። ጣሪያው ግን በሁለቱም ከተማ ያው 100 ነው። እዚያ በጣሪያው ዋጋ ገዝቶ ሮማ የሚያደርስ ሰው 16 ዲናር ከኪሱ ይከፍላል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ይጭናል? ይህን ጥያቄ ልጁ ራሱ ከጠየቀ በኋላ «የኢኮኖሚ ድቀት» የደብተር ቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም። ወታደሮቹ ደግሞ የአዋጁን መግቢያ ያንብቡ። ወታደር በአንድ ግዢ ብቻ ደመወዙንና ጉርሻውን ያጣል ይላል። ጣሪያው በዋናነት ለማን ተብሎ እንደወጣ ይከራከሩበት።

ከዚያ ምስክሩን አመጣለሁ። ላክታንቲዩስ የሚባል በዚያው ዘመን የኖረ ክርስቲያን ጸሐፊ ነው። ዕቃው ከገበያ ጠፋ፣ በጥቃቅን ነገር ደም ፈሰሰ፣ በመጨረሻ ሕጉ ቀረ ይላል። ግን ይህ ሰው ንጉሡን አምርሮ ይጠላል፤ በ303 በክርስቲያኖች ላይ የጀመረውን ስደት በዓይኑ አይቷል። እንመነው?

እዚህ ላይ የኛ ልጆች ከሌላው ይቀድማሉ። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ልጅ ዲዮቅልጥያኖስን ከመምህሩ በፊት ያውቀዋል። ስንክሳር ሲነበብ ሰምቶታል። ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረውም ሰውየው ከነገሠበት ከ284 ነው። ልጁ ክፍል የሚገባው ፍርዱን ይዞ ነው። ፍርዱን ይተው አልልም፤ የሰማዕታቱ ደም እውነት ነው። ግን ሰማዕታትን የገደለ ንጉሥ ስለ ስንዴ ዋጋ ያወጣው ሕግ መክሸፉን በምን እናውቃለን? በጠላቱ ቃል ብቻ? እዚህ ከግብፅ የተገኙት ፓፒረሶች፣ በደንገል ወረቀት የተጻፉ የጥንት ሰነዶች፣ ይመጣሉ። ከአዋጁ በኋላም ዋጋው መናሩን ያሳያሉ። ላክታንቲዩስ ቢጠላም ዋናውን ነገር አልዋሸም።

ዘዴው ግን እንዲሁ አይሠራም። የቡድን ሥራ ስንል «አንድ ለአምስት»ን እናስታውስ፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስም ያስመዘግባሉ። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ደግሞ ሦስት ቡድን ማለት ጫጫታ ማለት ነው። ቡድኑን ማሳነስ፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ስሌት በወረቀት እንዲያስረክብ ማድረግ ግድ ነው። ጀማሪን ያለ በቂ መመሪያ ለቆ ማስተማር አያዋጣም ብለው የሚሞግቱ ተመራማሪዎችም አሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። እስክንድርያ የት እንዳለች የማያውቅ ልጅ ስለ መርከብ ኪራይ አያስብም። ስለዚህ ካርታውንና የሳንቲሙን ታሪክ እንደ ድሮው ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስረዳለሁ። «አንተ ቄሳር ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ግን አልጠይቅም። ድራማ ይሆናል።

ለቤት ሥራ ከዝርዝሩ አንድ መስመር አስቀርቻለሁ። ፊደል የሚያስቆጥር አስተማሪ ከአንድ ልጅ በወር 50 ዲናር ይቀበላል። የቀን ሠራተኛው ሠላሳውን ቀን ከሠራ፣ መምህሩ እሱን ለመስተካከል ስንት ተማሪ ያስፈልገዋል? እኔ 15 አገኘሁ፤ ያውም የሠራተኛውን ምግብ ሳልቆጥር። መምህሩ ይህን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሲያበቃ ለትንሽ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞር ቢል አልፈርድበትም።