ለሣሩ ነው የተባለው ውኃ

የጎንደር ሰዎች ሆይ፣ አብዛኞቻችሁ እያያችሁ ያለፋችሁትን ነገር ልንገራችሁ። መጋቢት ነው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ከከተማችን መናፈሻዎች በአንዱ የውኃ ጎማ ሣር ላይ ተጥሎ ተረስቷል። ሣሩ ከጠገበ ቆይቷል፤ ውኃው የእግረኛውን መንገድ ተሻግሮ በአስፋልቱ ቁልቁለቱን ይዞ ይወርዳል። አንድ ሾፌር ቆም ብሎ ባጃጁን አጠበበት። ጎረምሶች እየተሳሳቁ ዘለሉት።

በዚህ መሐል አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወደ አጥሩ ተጠጉ። «ልጄ፣ የጎማውን ጫፍ ወዲህ ብታደርግልኝ፤ ይችን ብቻ ልሙላት» አሉት ጥበቃውን። «አይቻልም እናቴ፣ ለሣሩ ነው» አላቸው። እሳቸውም በእጃቸው ወደ አስፋልቱ አመለከቱት። ልጁ አቀረቀረ እንጂ መልስ አልነበረውም። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ጎንበስ አሉና፣ የባጃጅ ዘይት የተንሳፈፈበትን ውኃ ከመንገዱ ዳር በጣሳ መቅዳት ጀመሩ። «ለልብስ ይሆነኛል» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ጥበቃውን ይቅር ብያለሁ፤ የታዘዘውን ፈጸመ። ይቅር ያላልኩት ታክሲ ይጠብቅ የነበረውን ሰልፍ ነው። «ኧረ ዝጉት!» ብዬ ስጮኽ፣ «አንተን ምን አገባህ? የመንግሥት ነው» ያለኝ ከዚያው ሰልፍ የወጣ፣ እንደ እኔው ውኃ በፈረቃ የሚጠብቅ ሰው ነበር። የቀረው ሳቀ። እናንተ ሰዎች፣ በምን ሳቃችሁ?

የከተማችን የመጠጥ ውኃ የሚመጣበት አንገረብ ግድብ ከየተራራው ታጥቦ በሚወርድ ደለል እየሞላ፣ የሚይዘው ውኃ እያነሰ መሄዱን ታውቃላችሁ። ለከተማችን ውኃ ይሰጣል የተባለውን የመገጭን ግድብ ደግሞ ስንት ዓመት ጠበቅን! በጥምቀት ማግስት ከፋሲለደስ መዋኛ የተቀዳውን ጠበል በላስቲክ ጠርሙስ አቅፎ ወደ ቤቱ የሚገባ ሕዝብ፣ ከሁለት ወር በኋላ ውኃ በእግሩ ሥር ሲፈስ ጫማውን ብቻ ያነሣል። ይህን ሳስበው ቁጣዬ ይበርድና ሐዘን ይተካዋል።

አረንጓዴ ስፍራ አይኑር አላልኩም፤ ልጆቻችን ሜዳ ያስፈልጋቸዋል። ግን ስሌቱን ተመልከቱ። 105 በ68 ሜትር የሆነን የእግር ኳስ ሜዳ አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ለማጠጣት 35,700 ሊትር ይፈጃል፤ በሃያ ሊትር ጀሪካን ሲሰፈር 1,785 ነው። ይህንኑ በእኩለ ቀን ብትለቁት ከፊሉን ፀሐይና ነፋስ ይወስዱታል፤ ንጋት ላይ ቢጠጣ ግን ወደ ሥሩ ይወርዳል። በየቀኑ ላዩን ብቻ የሚርስ ሣር ሥሩ ከላይ ይቀራል፤ በአንድ ቀን ጸሐይም ይጠወልጋል። ቀናት እያሳለፉ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ግን ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። ይህን ለማወቅ ምሁር መሆን አያሻም፤ ጓሮዋ ጎመን የተከለች እናት ሁሉ ታውቀዋለች።

ብዙ አልጠብቅም፤ ደክሞኛል። ግን ክረምት ሲገባ ከሜዳው መቀመጫዎችና ከመናፈሻው ቢሮ ጣሪያ የሚወርደው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱና፣ «አሸንዳና ታንከር ለምን አይኖረውም?» ብላችሁ በቀበሌው ስብሰባ ጠይቁ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። እስከዚያው ክፍት የቀረ ቧንቧ ስታዩ ቢያንስ ጥበቃውን ጥሩት። «ምን አገባህ?» የሚላችሁ አይጠፋም፤ እኔ እንኳ ተብያለሁ። ዛሬም ብሆን እጮኻለሁ፤ ከሰልፉ አንድ ሰው ከጎኔ ቢቆም ደግሞ ድምፄ ይበረታ ነበር።